የተበሳው ናስ

አሜሪካ ውስጥ የድሮ ፖለቲካ ከመሬት ሲወጣ ቀለሙ አረንጓዴ ነው። የፓርቲ ቀለም አይደለም፤ የናስና የመዳብ ዝገት ነው። ከመቶ ሰማንያ ምናምን ዓመት በፊት አንድ ሰው ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው፣ የሚደግፈው ዕጩ ፊት የተቀረጸበት፣ ሳንቲም የሚያክል ነገር ከልብሱ ተበጥሶ ወደቀ። ማረሻ ገለበጠው፣ ዝናብ ቀበረው፤ ዛሬ ደግሞ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገ ሰው በሜታል ዲቴክተር አገኘው። ያ ሰው አንዳንድ ቅዳሜ እኔ ነኝ።

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ፣ የምበላበት ሥራ ደግሞ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ለሚውል ሰው፣ እጁን አፈር ውስጥ የሚያስገባ ነገር ማግኘት ትልቅ ዕረፍት ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ መዝናኛዬ አይደለም። አንድ የዛገ ብረት በየትኛው ምርጫ፣ ለየትኛው ዕጩ እንደተሠራ እንዴት እንደሚታወቅ ላጫውታችሁ ነው የፈለግኩት፤ ከዚያም ብረቱ የማይነግረን ነገር ምን እንደሆነ። (የአሜሪካን ነገር ሳወራ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። የኛን ሳወራ ዓ.ም. እላለሁ።)

ማሽኑ የሚያውቀው

ብዙ ሰው ሜታል ዲቴክተር ወርቅ ሲያይ "ወርቅ" ብሎ የሚጮህ ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ሥራዬን ትቼ ነበር። ማሽኑ የሚያደርገው ይሄን ነው፦ ጫፉ ላይ ያለው ኮይል በሴኮንድ በሺዎች ጊዜ የሚገለባበጥ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል። መስኩ ብረት ሲነካ በብረቱ ውስጥ ትናንሽ የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ይፈጠራሉ፤ እነዚያ አዙሪቶች ደግሞ የራሳቸውን ደካማ መስክ መልሰው ይልካሉ። ማሽኑ የሚለካው የተመለሰው ምልክት ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነና ከተላከው በምን ያህል እንደዘገየ ነው። መዘግየቱን ወደ ቁጥር ይለውጥና ስክሪኑ ላይ ያሳያችኋል።

ያ ቁጥር የአንድ ነገር መለያ አይደለም። የብረቱ ዓይነት፣ ስፋቱና ውፍረቱ አንድ ላይ ተደባልቀው የሚሰጡት ውጤት ነው። ስለዚህ የ1840 የምርጫ ሜዳሊያ፣ የወታደር ካፖርት ቁልፍና የድሮ የቢራ ጣሳ መክፈቻ ቀለበት ተቀራራቢ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ። ቁጥሩን አምኖ "ቆሻሻ ነው" ብሎ የሚያልፍ ሰው ታሪክ ረግጦ ያልፋል ማለት ነው። ማሽኑ "እዚህ ብረት አለ" ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሰው ሥራ ነው።

የሰው ሥራ የመጀመሪያው ደንብ ደግሞ አለመፈግፈግ ነው። መዳብና ናስ መሬት ውስጥ ሲቆዩ ላያቸው ወደ ሌላ ውህድ ይቀየራል። የፊደሎቹ ጠርዝ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚያ አረንጓዴ ቆዳ ላይ ነው። በብሩሽና በሎሚ ያንፀባረቀው ሰው ቆዳውን ገፎ ጽሑፉንም አብሮ ይገፈዋል። የሚሻለው በንጹሕ ውሃ አፈሩን አርሶ ማስለቀቅ፣ ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ከጎን፣ ዝቅ አድርጎ ማብራት ነው። ከላይ ሲታይ ለሙጥ ያለ የመሰለ ብረት፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የሰው አፍንጫ ጥላ ይጥላል። አንድ አፍንጫ ካገኛችሁ ደግሞ ብዙ አገኛችሁ።

ከካፖርት ቁልፍ እስከ ጥንዚዛ

ዕድሜን ለማወቅ ከፊቱ ይልቅ አሠራሩን መመልከት ይሻላል። እያንዳንዱ ዘመን ፖለቲካውን ደረቱ ላይ የሰካበት መንገድ የተለየ ነበርና።

የመጀመሪያዎቹ የልብስ ቁልፎች ናቸው። ጆርጅ ዋሽንግተን ኤፕሪል 30 ቀን 1789 ኒው ዮርክ ላይ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ደጋፊዎቹ በካፖርታቸው ላይ የሰፉት ከናስና ከመዳብ የተሠራ ሰፊ ቁልፍ ነበር። አንዳንዶቹ መሐል ላይ የስሙ መጀመሪያ ፊደላት አሉ፤ ዙሪያውን "ረጅም ዕድሜ ለፕሬዚዳንቱ" ይላል። እኛ "ሺህ ዓመት ያንግሥዎ" የሚለውን የምናውቅ ሰዎች አባባሉ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባናል፤ የንጉሥ ምርቃት ነው፣ "ንጉሥ" የሚለው ቃል ብቻ ተነሥቶ "ፕሬዚዳንት" ገብቶበታል። ዋሽንግተን ተፎካካሪ ስላልነበረው ነገሩ ከቅስቀሳ ይልቅ ለበዓለ ሲመት ይቀርባል። ከኋላው ለመስፊያ የሚሆን ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ቢሰበርም ጠባሳው ይቀራል።

ቀጥሎ ሜዳሊያ መጣ። የአንድሩ ጃክሰን ደጋፊዎች በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ መጀመሪያ የሱን ፊት የቀረጹባቸው ትናንሽ ናሶች "የኒው ኦርሊንስ ጀግና" ይሉታል፤ በጃንዋሪ 1815 እንግሊዞችን ያሸነፈበትን ጦርነት ለማስታወስ ነው። ጃክሰን ግን ጠላትም በሽበሽ ነበረው። የብሔራዊ ባንኩን የሥራ ዘመን ማራዘሚያ ሕግ በ1832 ውድቅ አደረገ። እሱ ከሥልጣን በወረደ በሁለት ወሩ፣ በሜይ 1837 የኒው ዮርክ ባንኮች የወረቀት ገንዘብን በወርቅና በብር መመንዘር አቆሙ። ሰው ያለውን ሳንቲም ደበቀ። ገበያው ዝርዝር ሲያጣ የግል ሠሪዎች ልክ የአንድ ሳንቲምን መጠን ያላቸው የመዳብ ቶከኖች ማተም ጀመሩ፤ ከንግድ ማስታወቂያ ጎን ለጎንም የፖለቲካ ስድብ አተሙባቸው።

እነዚህን ቶከኖች እንደ ዘመኑ ሚም አስቧቸው። አንዱ ላይ ጃክሰን አንድ እጁ ሰይፍ፣ አንድ እጁ የገንዘብ ከረጢት ይዞ ከካዝና ውስጥ ብቅ ይላል። ሌላው ላይ አህያ አለ። ሦስተኛው ላይ ኤሊ የመንግሥትን ካዝና ጀርባዋ ላይ ተሸክማ ታዘግማለች፤ ይህ በተተኪው በማርቲን ቫን ቢውረን ላይ ነው። ገንዘብ አስመስሎ መሥራት ወንጀል ስለሆነ አንዳንዶቹ መሐላቸው ላይ በትልቁ "አንድ ሳንቲም" ብለው ከበላዩ "አይደለም" የሚል ቃል ጨመሩበት። በሕጉ ፊት ሳንቲም አይደለም፤ በገበያ ግን እንደ ሳንቲም ዳቦ ይገዛል። ከእነዚሁ ቶከኖች መካከል የ1838ቱ በሰንሰለት የታሰረች፣ ተንበርክካ እጆቿን ያነሣች ጥቁር ሴት ምስል ያለበት ነው፤ "እኔ ሴት፣ እህትም አይደለሁምን?" ይላል። ባርነት እንዲቀር የሚታገሉ ሰዎች ያሰራጩት ነው። እስቲ አስቡት፦ የባሪያ ንግድን የሚደግፍ ሰው ትንባሆ ገዝቶ መልስ ሲቀበል ይቺ ሴት መዳፉ ላይ ታርፋለች።

በ1860 ደግሞ ፎቶግራፍ ገባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተፈለሰፈው ፌሮታይፕ በቀጭን የብረት ሰሌዳ ላይ የሚነሣ ፎቶ ስለሆነ፣ በትንሹ ተቆርጦ በናስ ቀለበት ውስጥ ተገጠመ። በአንዱ ገጽ ሊንከን፣ በሌላው ምክትሉ ሃኒባል ሃምሊን። መሬት ውስጥ ግን ሰሌዳው ዝጎ ያልቃል፣ የሚተርፈው ባዶ ቀለበት ነው። ባዶ ቀለበት ያገኘ ሰው "የመጋረጃ ቀለበት" ብሎ ሊጥለው ይችላል።

በ1896 ዛሬ የምናውቀው ባለ መርፌ ባጅ መጣ። በወረቀት ላይ የታተመ ምስል፣ ከላዩ ግልጽ ሴሉሎይድ፣ ከሥሩ የብረት ሳህን፣ ከኋላው የሽቦ መርፌ። ኒውዋርክ ከተማ የነበረው ዋይትሄድ ኤንድ ሆግ የተባለው ድርጅት ሥራውን በሰፊው ያዘው። የዚያ ዓመት ምርጫ ወርቅ ወይስ ብር የሚል ክርክር ነበር፤ የማኪንሊ ደጋፊዎች የወርቅ ቀለም ያላት የጥንዚዛ ቅርጽ ደረታቸው ላይ ሰኩ፣ የብራያን ደጋፊዎች የብር ጥንዚዛ። በእኛ ሙያ "ባግ" ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ በ1896 ሰው ገዝቶ ይለብሰው ነበር። ወረቀቱ መሬት ውስጥ ስለሚበሰብስ ባጁ ሲወጣ የዛገ ክብ ብቻ ነው፤ ጥንዚዛዋ ግን ስድስት እግሯን ይዛ ትወጣለች።

ሐሰተኛም አለ። በ1972 አካባቢ ኩባንያዎች ለማስታወቂያ ብለው የድሮ ባጆችን ቅጂ በብዛት አሠራጭተዋል። በ1973 የወጣ የፌዴራል ሕግ የፖለቲካ ዕቃ ቅጂ የተሠራበት ዓመት እንዲጻፍበት ያስገድዳል። ስለዚህ ጠርዙን ማየት ግድ ነው። መጀመሪያ በሴሉሎይድ የተሠራ ምስል በቀጥታ ቆርቆሮ ላይ ታትሞ ካገኛችሁት፣ ቅጂ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ጠርጥሩ።

የግንድ ጎጆዋ

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ባለቤቱ አንድ አዛውንት ገበሬ የሆኑ፣ በጽሑፍ የፈቀዱልኝ እርሻ አለ። እዚያ ከታረሰው አፈር ውስጥ፣ ከላይ ወደ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ የአሜሪካን ሩብ ዶላር የሚያክል ቀጭን ናስ ወጣ። ከአናቱ ላይ ቀዳዳ አለው። አንዱ ገጽ ሙሉ በሙሉ ተበልቷል። በሌላው ገጽ ላይ ከጎን ብርሃን ሲበራ ሦስት ነገሮች ታዩ፦ የተደረደሩ አግድም መስመሮች፣ ከመስመሮቹ በላይ የጣሪያ ቅርጽ፣ ከዳር ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው "ቾይስ" የሚለው ቃል የመጨረሻ አራት ፊደላት።

ለፕሮግራመር ይህ የታወቀ ሥራ ነው፤ ከተቆራረጠ ጽሑፍ ሙሉውን መፈለግ። የምርጫ ሜዳሊያዎች ደግሞ ደግነቱ ካታሎግ አላቸው። ጄ. ዶይል ደዊት የተባለ ሰብሳቢ በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ከ1789 እስከ 1889 ያሉትን አንድ በአንድ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። የቁጥሩ አሰጣጥ ልብ ያሞቃል፦ የዕጩው ስም መጀመሪያ ፊደላት፣ የምርጫው ዓመት፣ ከዚያ ተራ ቁጥር። ንጹሕ የዳታቤዝ ቁልፍ ነው፤ ኮምፒውተር በየቤቱ ከመግባቱ በፊት የተሠራ።

አግድም መስመሮቹ ግንዶች ናቸው፣ ጣሪያው የጎጆ ነው፣ ጽሑፉ ደግሞ "የሕዝቡ ምርጫ በ1840 ዓመት" የሚለው ነው። የዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ሜዳሊያ።

ያቺ ጎጆ እንዴት እዚያ እንደገባች ማወቅ ይጠቅማል። አንድ የተቃራኒ ወገን ጋዜጣ በሃሪሰን እርጅና ሲያላግጥ፣ አንድ በርሜል ሲደርና ጡረታ ብትሰጡት ቀሪ ዘመኑን በግንድ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ያሳልፋል የሚል ሐሳብ ጻፈ። ሲደር ከፖም የሚጠመቅ የደሃ መጠጥ ነው። የሃሪሰን ፓርቲ፣ ዊግ የሚባለው፣ ስድቡን ተቀብሎ መፈክር አደረገው። "አዎ፣ የኛ ሰው የጎጆ ሰው ነው" አሉ። ጎጆ በሠረገላ ላይ ሠርተው በየከተማው ጎተቱ፤ በርሜል ከፍተው አጠጡ፤ ናስ ላይም ቀረጹ። ሃሪሰን ግን የጎጆ ልጅ አልነበረም። የተወለደው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ በርክሌ በሚባል ሰፊ የባሪያ እርሻ ላይ ነው፤ አባቱ የነፃነት መግለጫውን ከፈረሙት አንዱ ነበሩ። ጀግንነቱም በ1811 በቲፐካኑ የቴኩምሴን ወንድምና ተከታዮቹን፣ የአገሩን ቀደምት ሕዝቦች፣ የወጋበት ነው።

ቢሆንም ሠራ። በ1836 ድምፅ የሰጠው ሰው ወደ 1.5 ሚሊዮን ነበር፤ በ1840 ወደ 2.4 ሚሊዮን ደረሰ። መምረጥ ከሚፈቀድላቸው ወንዶች ከአሥሩ ስምንቱ ያህል ወጡ። ሃሪሰን 234 ለ 60 በሆነ የመራጮች ድምፅ አሸነፈ፤ በሥልጣን ላይ 31 ቀን ቆይቶ ኤፕሪል 4 ቀን 1841 ሞተ። ጎጆዋን ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው ሰው ምናልባት ገና ጥብጣቡ ሳያረጅበት ነው ፕሬዚዳንቱ የሞቱበት።

ቀዳዳው የማነው?

ካታሎጉ እዚህ ላይ ያበቃል። ቁጥሩ ተገኝቷል፣ ዓመቱ ታውቋል፣ ብዙ ሰው ፎቶ አንሥቶ በሳጥን ያስቀምጠዋል። እኔን ግን የያዘኝ ቀዳዳው ነው።

በጣም ቀላሉ መልስ ጥብጣብ የገባበት ነው የሚለው ነው። የ1840 ሜዳሊያዎች ብዙዎቹ ተበስተው በልብስ ላይ የሚንጠለጠሉ ነበሩ። ግን ማን ነው የለበሰው? አብረን እናስላ።

በ1840 ቨርጂኒያ፣ የዛሬዋን ዌስት ቨርጂኒያ ጨምሮ፣ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። ከዚህ ውስጥ ከ440,000 በላይ የሚሆነው ባሪያ ነበር። ሴት አይመርጥም። ነጭ ወንድም ቢሆን ንብረት ወይም የተወሰነ ይዞታ ከሌለው አይመርጥም፤ ይህ ገደብ የተነሣው በ1851 ሕገ መንግሥት ነው። ስለዚህ በዚያ እርሻ ላይ ከተራመደ ሰው አብዛኛው መራጭ አልነበረም።

የሚመርጠውም ቢሆን በምሥጢር አይደለም። በዚያን ጊዜ ቨርጂኒያ ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው በድምፅ ነበር። እኛ በአማርኛ "ድምፅ መስጠት" የምንለው፣ እነሱ ቃል በቃል አድርገውታል። መራጩ በፍርድ ቤቱ ደጅ ይቆማል፣ ስሙ ይጠራል፣ ጮክ ብሎ የሚመርጠውን ሰው ስም ይናገራል፣ ጸሐፊው ከስሙ አጠገብ ይመዘግባል። አበዳሪው ይሰማል፣ መሬት ያከራየው ይሰማል፣ አማቱ ይሰማል። አንዳንዶቹ መዝገቦች ዛሬም አሉ። በምሥጢር ምልክት የሚደረግበት የመንግሥት ወረቀት በአሜሪካ መስፋፋት የጀመረው ከ1888 ወዲህ ነው። ደረት ላይ የተንጠለጠለው ናስ እንግዲህ ምሥጢር ማውጣት አልነበረም፤ የሚወጣ ምሥጢር አልነበረምና። ቨርጂኒያ በዚያ ምርጫ በጠባብ ልዩነት ለቫን ቢውረን ነው የሄደችው። ስለዚህ ይህ ሰው፣ ለባሹ መራጭ ከነበረ፣ በግዛቱ የተሸነፈውን ወገን በሰው ፊት ጮክ ብሎ የጠራ ነው።

መራጭ ካልነበረስ? በዚያ ቅስቀሳ ሴቶች በሰልፉ ላይ በብዛት ይታዩ ነበር። በኦክቶበር 1840 ዳንኤል ዌብስተር የሚባለው ዝነኛ ፖለቲከኛ ሪችመንድ ውስጥ ለሴቶች የተዘጋጀ ንግግር አድርጓል። መምረጥ ለማይችሉ ሰዎች የምርጫ ንግግር ማለት ነው። ጎጆዋን አንዲት ሴት ቀሚሷ ላይ አድርጋት ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። አርኪዮሎጂስቶች በደቡብ ግዛቶች የባሪያ መኖሪያ የነበሩ ቦታዎችን ሲቆፍሩ የተበሱ ሳንቲሞች ያገኛሉ። ሰዎቹ በክር አድርገው አንገታቸው ወይም ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያስሩት ነበር፤ ለጌጥም፣ ከክፉ ለመጠበቅም። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ማርያ ቴሬዛን ብር ቀጥላ አንገቷ ላይ ያሰረች ሴት ፎቶ ያላየ ማን አለ? በምርጫ ማግስት የተጣለ ናስ የሚያብለጨልጭ ነገር ነው። አንዲት እናት አንሥታ ለልጇ አስራው ሊሆን ይችላል። ለእሷ በላዩ ያለው ሰውዬ ማንም ቢሆን ግድ አይሰጣትም፤ ሃሪሰን እኮ የኢንዲያና ግዛት ገዥ በነበረበት ጊዜ ባርነት እዚያ እንዲፈቀድ ኮንግረስን ሲወተውት የነበረ ሰው ነው።

ሦስት ሰዎች፣ አንድ ቀዳዳ። ብረቱ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ሊናገር የሚችለው አፈሩ ነበር፦ አጠገቡ ምን ተገኘ፣ የቤት መሠረት ነበር ወይስ መንገድ፣ የሸክላ ስባሪ ነበር ወይስ የፈረስ ጫማ። ለዚህ ነው ቆፍሮ ማውጣት ብቻውን ጉዳት የሚሆነው። የፌዴራል ሕግ ከ1979 ጀምሮ በመንግሥት መሬት ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣትን የሚከለክለው፣ በብሔራዊ ፓርኮችም ማሽኑን ይዞ መገኘት ራሱ የተከለከለው በከንቱ አይደለም። የኛም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሪፖርት ማድረግ አለበት። አገር ቤት ሆናችሁ ይህን አንብባችሁ "ማሽን ልግዛ" ያላችሁ ካላችሁ፣ ቆም በሉ። ያ የታረሰ ማሳ አፈሩ ለዘመናት የተገላበጠ ስለሆነ ብዙ ምስክር አልቀረለትም፤ ያልታረሰ መሬት ግን ያልተነበበ መጽሐፍ ነው።

ሁለት ጣት

ያገኘሁትን ለእናቴ በቪዲዮ አሳየኋት። አዲስ አበባ ናት።

"ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የድሮ የምርጫ ባጅ ነው እማዬ። የ1840።"

ትንሽ ዝም አለች። "ምርጫ?" አለች፤ "አንተ ልጅ፣ መልሰህ ቅበረው።"

ሳቅን። ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም።

በ1997 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ፖለቲካ የማያውቅ ሕፃን እንኳን ምልክቶቹን ያውቃል። የኢሕአዴግ ንብ፣ የቅንጅት ሁለት ጣት። ምልክቱ ለምን እንዳስፈለገ ከ1840 ጎጆ ጋር አንድ ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰውም መርጦ እንዲወጣ። ልዩነቱ አንዱ ምልክት ምንም ዋጋ አልነበረውም፤ ጣት ነው፣ ሁሉም ሰው አለው። ኳስ ስንጫወት ጎል ያገባ ልጅ ሁለት ጣቱን ያወጣ ነበር። ከግንቦት 7 በኋላ ባሉት ወራት ነገሩ ተቀየረ። ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ። በእኛ ግቢ ትልልቆቹ እጃችንን ይዘው ጣታችንን ወደ መዳፋችን አጠፉት። ምክንያቱን ማንም አላስረዳንም። ሁለት እንጀራ ማለት የፈለገ ልጅ እንኳን በአፉ "ሁለት" ማለት ለመደ።

ከዚያ በፊት በነበረው ትውልድም እንዲሁ ነው። አንድ የአባቴ ጓደኛ በ1983 ዓ.ም. የኢሠፓ አባልነት ደብተሩንና የደረት ባጁን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ እንደጣለ እየሳቀ ያወራል። አሜሪካ ውስጥ የድሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ አርኪዮሎጂስቶች ደስ ብሏቸው የሚቆፍሩት ቦታ ነው፤ ሰው ሊያየው የማይፈልገውን ሁሉ እዚያ ይጥላልና። ምናልባት አንድ ቀን ያ ባጅ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ካታሎግ ያለው ሰው "የደርግ ዘመን፣ ናስ፣ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር" ብሎ ይመዘግበዋል። የተጣለበትን ሌሊት ግን አይመዘግብም።

እዚህ ላይ ነው የሁለቱ አገር ነገር የሚለያየው። የሃሪሰን ሜዳሊያ የወደቀው ሰው በግልጽ ለብሶት ስለነበር ነው፤ መጥፋቱ አደጋ ነው። የኛ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ሰው አስቦበት ነው። ይህን ስል አሜሪካን ላሞግስ አይደለም፤ ከላይ እንዳሰላነው በዚያ ማሳ ላይ ለአብዛኛው ሰው የምርጫው ቀን ተራ የሥራ ቀን ነበር። ግን በግልጽ ለብሶ መጣል የቻለ ሕዝብ የምርጫ ታሪኩ ከፊሉ መሬት ውስጥ አለ። ምልክቱ ጣት የነበረ ሕዝብ መሬቱን ቢቆፍር ምንም አያገኝም። የዓለም ምርጡ ማሽን ወደ መዳፍ የታጠፈ ጣት አይሰማም።

እሱን የሚያገኘው ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው። ያየው ሰው ደግሞ አሁን በሕይወት አለ፤ ሃያ ዓመት ብቻ ነው ያለፈው።

ለየማገኘው ዕቃ ኮምፒውተሬ ላይ አንድ መዝገብ አለኝ። ብረቱ፣ ስፋቱ፣ ጥልቀቱ፣ ቦታው፣ የካታሎጉ ቁጥር። መጨረሻ ላይ "የለበሰው ሰው" የሚል ረድፍ አለ። ለ1840ዋ ጎጆ ይህ ረድፍ የተሞላ አይደለም፤ ግን ባዶም አላልኩትም። ዳታቤዝ የሠራ ሰው ያውቀዋል፣ ባዶ እና "ነል" አንድ አይደሉም። ባዶ ማለት የሚጻፍ ነገር የለም ማለት ነው። ነል ማለት ግን መልስ ሊኖር ይችላል፣ እኛ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። በዚያ ረድፍ ላይ የጻፍኩት ነል ነው።

በቅርቡ እዚያው መዝገብ ላይ ብረት የሌለው አንድ ዕቃ ጨመርኩ። ስፋት የለውም፣ ጥልቀት የለውም፣ የካታሎግ ቁጥር የለውም። ዓመት፦ 1997 ዓ.ም.። ቦታ፦ ግቢያችን። የለበሰው ሰው የሚለው ረድፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ጻፍኩበት፤ የእኔንና ኳስ አብረውኝ ይጫወቱ የነበሩትን የአምስት ልጆች።